የሸክም ገመድና የነፍስ ገመድ

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ የሚናገረው ስለ ፍርሃት ነው፤ እኔን ግን ዘወትር የሚያስደንቀኝ ልጡ ነው። ልጥ ከግንድ ላይ ተልጦ የወጣ፣ ገና ያልተገመደ የዛፍ ቅርፊት ነው። አባቶቻችን ለእርሱ እንኳ የራሱን ስም አልነፈጉትም። ከቆዳ ለሚተለተለው ጠፍር፣ አጋሰስ ለሚጫንበት መጫኛ፣ ከእንሰት ተፍቆ ለሚወጣው ጭረት ቃጫ ብለው ስም አወጡ። ኋላም ቀጭኑን የጥቅል ማሰሪያ ከጣሊያኖች ተውሰን ሲባጎ አልነው። ስም የለየውን እጅም ይለየዋል፤ ጠፍር በሚያሻበት ቦታ በልጥ አስሮ የሚሄድ ባለአጋሰስ አልነበረም።

ዛሬ ወደ ገበያ ወጥታችሁ «ገመድ አለ?» ብትሉ ባለሱቁ የሚጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው፤ ውፍረቱንና ሜትሩን። ገመዱ በርሜል ሊጎተትበት፣ ፍየል ሊታሰርበት ወይስ ሰው ሊንጠለጠልበት እንደ ሆነ የሚጠይቅ የለም። ሁሉም «ናይለን» ይባላል፤ ናይለን የሆነውም ያልሆነውም። በዚህች ጽሑፍ የምሟገተው ስለዚሁ ጉዳይ ነው። ሸክም የሚያስረው ገመድና ነፍስ የሚይዘው ገመድ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሁለቱን በአንድ ስም ጠርቶ በአንድ ሚስማር ላይ መስቀል ሰው ይገድላል።

ይህን የምጽፈው ከአፋምቦ ሆኜ ነው። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ተነሥቶ ስንት አገር ካቋረጠ በኋላ ባሕርን ሳያይ የሚቀረው በዚህ ነው፤ በአሳይታ በኩል ወርዶ፣ የአፋምቦን ምድር ረግጦ፣ በጅቡቲ ወሰን ላይ በተኛው በአቤ ሐይቅ ይጠፋል። በዚህ ሸለቆ የሚበቅለው ዘንባባ ለአገሬው ሰው ብዙ ነገሩ ነው። ሴቶቹ ቅጠሉን ሰንጥቀው ሰሌን ይሠሩበታል፤ ሰሌኑ ቤት ይሆናል፤ ከዚያው ቅጠል ገመድ ይገመዳል። ቤቱ ተነቅሎ በግመል ተጭኖ ሲጓዝ የሚያስረውም ገመድ ነው።

የዘንባባ ገመድ ለመዳፍ አይራራም። ደረቅ ነው፤ ይቧጥጣል፤ ከብዕር በቀር ያልጨበጠ እጅ ከእርሱ ጋር ጥቂት ከሠራ መቅላቱ አይቀርም። ይሁን እንጂ ሥራውን የሚሠራለት ያው ሻካራነቱ ነው። ጭረቱ ከጭረቱ ጋር ይያያዛል፤ ግመሉ እየተወዛወዘ ሲሄድ ቋጠሮው በቀላሉ አይላላም። ሸክም ሲበዛበትም በዝምታ አይበጠስም። አስቀድሞ ይንጣጣል፤ አንድ ሁለት ጭረት ተነሥቶ ይቆማል፤ ገመዱ ላይ የሚሄድ እጅ ያንን ያገኘዋል። በርጥበት የኖረ እንደ ሆነ ግን ከውስጥ መበስበስ ይጀምራል፤ ይህንንም አፍንጫ ይናገራል።

አፋሮች ዳጉ የሚሉት ሥርዓት አላቸው። ሁለት መንገደኞች በበረሃ ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን በዝርዝር ይለዋወጣሉ፤ የዝናቡን፣ የግጦሹን፣ የሰላሙን ወሬ አንዱ ለሌላው ሳያጓድል ይነግራል። ወሬውን ማዛባት ነውር ነው፤ በዚያ ወሬ ላይ ተመሥርቶ ከብቱን የሚነዳ ሰው አለና። ስለ ገመድ ባሰብሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ይኸው ዳጉ ነው። ጥሩ ገመድ በወዲያኛው ጫፍ የሆነውን ለወዲህኛው እጅ ያደርሳል። የዘንባባው ገመድ ዳጉ ያውቃል። የአሁኖቹ ገመዶች ግን ወሬያቸው ሌላ ነው፤ አንዳንዱንም ጨርሶ አይናገሩም።

ናይለን የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው፤ ዋላስ ካሮተርስ በሚባል ኬሚስት የሚመራው የአሜሪካው የዱፖንት ኩባንያ ቤተ ሙከራ ነው የወለደው። ከዚያ በፊት የአውሮፓ ገደል ወጪዎች ነፍሳቸውን አደራ የሚሰጡት ለሄምፕና «ማኒላ» ለሚባለው ገመድ ነበር። ማኒላ የሚወጣው በፊሊፒንስ ከሚበቅለው ከአባካ ነው፤ አባካ ደግሞ ከሙዝና ከእንሰት ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። የአልፕስን ተራሮች ሲወጡ የኖሩት ሰዎች በወገባቸው የታጠቁት የእኛን ቃጫ የአክስት ልጅ ነበር ማለት ነው! በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃፓን ፊሊፒንስን በያዘች ጊዜ የአባካው መንገድ ተዘጋ፤ ናይለን ቦታውን ወሰደ፤ ከዚያም ወዲህ አለቀቀም።

እጅ ናይለንን ገና ሲጨብጠው ይወደዋል። ለስላሳ ነው፤ ቀላል ነው፤ እንደ ቃጫ አይበሰብስም። ጠባዩ የሚታወቀው በሥራ ላይ ነው። በመዳፍ ውስጥ ሲሮጥ ያቃጥላል፤ ገመድ በገመድ ላይ ሲፋተግ ይቀልጣል። ለቃጫ የበቃው ቋጠሮ ለእርሱ አይበቃውም፤ ይንሸራተታል፤ ጫፉን ረዘም አድርጎ መተውና ደግሞ መቋጠር ያስፈልጋል። ውኃ ሲጠጣም ጥንካሬው ይቀንሳል።

በየገበያችን «ናይለን» እየተባለ የሚሸጠው ቢጫና ሰማያዊ ገመድ ግን ብዙ ጊዜ ፖሊፕሮፕሊን የሚባል ሌላ ነገር ነው። መለየቱ ቀላል ነው፤ ቁራጩን በባልዲ ውኃ ውስጥ ጣሉት። ናይለን ይሰጥማል፤ ፖሊፕሮፕሊን ይንሳፈፋል። ለጀልባና ለመረብ ይህ ጠባዩ መልካም ነው፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። ነገር ግን በፍትጊያ ከናይለን ቀድሞ ይቀልጣል፤ ፀሐይንም እንደ ናይለን አይችልም። እንደ አፋር ባለ አገር ደጅ የዋለና ያደረ እንደ ሆነ መጀመሪያ ቀለሙ ይሸሻል፤ ቀጥሎ ላዩ ይሻክራል፤ በመጨረሻም በጥፍር ሲፋቅ ነጭ ዱቄት ይሰጣል። የሻከረውን ያልለመደ እጅ ይህን «ደህና ይያዛል» ብሎ ሊያመሰግነው ይችላል። የዘንባባው ሻካራነት የጥንካሬ ነው፤ የዚህኛው ግን የመሞት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰመራ በአንድ ግንባታ ላይ የፍሳሽ ጉድጓድ ሲቆፈር ቆሜ ተመለከትሁ። ቆፋሪውን የሚያወርዱትና የሚያወጡት አፈሩን በሚያወጡበት ገመድ ነበር። ገመዱ አንድ ጊዜ ሰማያዊ ነበረ፤ በዚያ ዕለት ግን ቀለሙን ለመናገር ያስቸግር ነበር። በጥፍሬ ብፍቀው ዱቄቱ በጣቴ ላይ ቀረ። ነገሩን ለሥራው ኃላፊ ብነግረው፣ «ጋሼ፣ ጠዋት ማታ ስንት ባልዲ አፈር ያወጣ ገመድ አንድ ሰው አያወጣም ወይ?» አለኝ።

ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም፤ መልስ ይገባዋል። የአፈር ባልዲ ተሰቅሎ ይቆማል፤ ሰው ግን ይወድቃል። ገመዱ ላልቶ ሳለ የሰውየው እግር ቢንሸራተት፣ ሁለት ሜትር ወርዶ ገመዱ ሲይዘው በገመዱ ላይ የሚያርፈው የሰውየው ክብደት ብቻ አይሆንም። ገመዱ የማይለጠጥ ከሆነ ያ ሁሉ ውድቀት በአንዲት ቅጽበት ይቆማል፤ የሚያርፈውም ኃይል ከክብደቱ ብዙ ዕጥፍ ይሆናል። ሲጎትቱት የማይለጠጥ ገመድ በእጅ ላይ ጽኑ ይመስላል፤ ሰው ሲወድቅበት ግን ወይ ራሱ ይበጠሳል፣ ወይ የሰውየውን ጎድን ይሰብራል።

የተሻለ ገመድ በእጅ እያለ ደካማውን ማሰር ደግሞ የድኻ አገር ጠባይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 14 ቀን 1865 እነ ኤድዋርድ ዊምፐር በስዊዘርላንድና በጣሊያን ወሰን ላይ ያለውን የማተርሆርንን ተራራ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጡ። ሰባት ነበሩ። ሲወርዱ አንዱ ተንሸራተተ፤ ሌሎቹን ሳባቸው፤ በመካከል ገመዱ ተበጠሰ፤ አራቱ ገደል ገብተው ሞቱ። ከእነርሱ በላይ የነበረው አሮጌው መሪ ታውግቫልደር «ገመዱን ቆርጠሃል» ተብሎ ታማ። ኋላ እንደ ታየው ግን የተበጠሰው ይዘዋቸው ከነበሩት ገመዶች ሁሉ ደካማው ነበር። ጠንካሮቹ ጎናቸው ነበሩ። የዚያ ገመድ ቁራጭ እስከ ዛሬ በዘርማት ከተማ ሙዚየም ተቀምጧል።

ወደ አገራችን ልመለስ። በኢትዮጵያ ሰውን በገመድ የማውጣት ጥንታዊ ልማድ የት አለ ቢባል ሁላችንም የምናስበው ደብረ ዳሞን ነው። በትግራይ፣ በአዲግራትና በአድዋ መካከል፣ ዙሪያው ገደል በሆነ አምባ ላይ ያለው ይህ ገዳም በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ በሆኑት በአቡነ አረጋዊ እንደ ተመሠረተ ይነገራል። ጻድቁን ወደ አምባው ያወጣቸው ዘንዶ ነው ይላል ትውፊቱ፤ መታሰቢያቸውም በየዓመቱ ጥቅምት 14 ቀን ይከበራል። እንግዲህ በተረቱ ልጥ እባብ መስሎ ሰው ያስበረግጋል፤ በደብረ ዳሞ ደግሞ ዘንዶው ገመድ ሆኖ ሰው ያወጣል። ንጉሥ ገብረ መስቀል ለቤተ ክርስቲያኑ ሥራ መወጣጫ አሠርተው እንደ ነበርና ሥራው ሲፈጸም እንዲፈርስ መደረጉንም አበው ይተርካሉ፤ «ዳሞ» የሚለውን ስም «ዳህምሞ»፣ ማለት «አፍርሰው»፣ ከሚለው የግእዝ ቃል የሚያወጡት አሉ። በትውፊቱ መሠረት ገመዱ የቀረው ሌላ መንገድ ጠፍቶ አይደለም፤ ታስቦበት የተመረጠ ነው።

ገደሉ ወደ 15 ሜትር ይጠጋል። ከላይ የሚወርደው ወፍራም ገመድ የተጎነጎነ ቆዳ ነው፤ ወጪው ይህን በሁለት እጁ ይዞ፣ እግሩን በገደሉ ላይ እያሳረፈ ይወጣል። ሌላ ጠፍር ደግሞ በወገቡ ይታሰርለትና ከላይ ያለው ሰው ይስበዋል። ወጥቼበታለሁና ስለ አያያዙ ልመስክር። ውፍረቱ መዳፍን ይሞላል፤ ጣት ተርፎ አይደራረብም፤ ጉንጉኑ ለእያንዳንዱ ጣት ማረፊያ ይሰጣል፤ ላብም ቢሆን ወዲያው አያንሸራትተውም። ቆዳ ግን እንክብካቤ ይሻል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሲርስ ይለጠጣል፤ ይሙለጨለጫል። ይህንንም ከጠባቂዎቹ በላይ የሚያውቅ የለም። ከሁሉ የገረመኝ በወገቤ ያለው ጠፍር ነው። በተንጠለጠልሁበት ትንፋሽ አጥሮኝ ቆም ባልሁ ጊዜ፣ ከላይ ያለው ሰው ሳያየኝ ጠፍሩን ወጠር አድርጎ ያዘልኝ። ምንም አልተናገርሁም፤ እጁ ሰምቶ ነው። ዳጉ ማለት ይህ ነው።

በዚያ አምባ ግርጌ የታወቀውን ነገር የዘመኑ ገደል ወጪዎችም የሚኖሩበት ነው፤ የእጅ መያዣ ለብቻ፣ የነፍስ መያዣ ለብቻ። ለነፍሱ የተሠራው የዛሬው ገመድ እ.ኤ.አ. በ1953 ኤደልሪድ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ያወጣው ዓይነት ነው። ሁለት ነገር በአንድ ላይ ነው፤ በውስጡ አብዛኛውን ጭነት የሚሸከም የተፈተለ ናይለን እምብርት አለ፤ በላዩ ደግሞ እምብርቱን የሚጠብቅ የተሸመነ ሽፋን አለ። ልብ በሉ፤ እጃችን የሚዳስሰው ሽፋኑን ነው፤ ነፍሳችን የምትንጠለጠለው ግን በይበልጥ በእምብርቱ ላይ ነው።

ይህን ገመድ የሚመዝን ሕግ አለ። ዩአይኤኤ በሚል ስም የሚታወቀው ዓለም አቀፉ የተራራ ወጪዎች ማኅበር ባወጣው መመዘኛ መሠረት፣ ለብቻው የሚያገለግል ገመድ 80 ኪሎ ግራም የሚመዝን ብረት ታስሮበት ከባድ ውድቀት ይወድቅበታል፤ ቢያንስ 5 ጊዜ ሳይበጠስ መያዝ አለበት። በመጀመሪያው ውድቀት የሚያሳርፈው ኃይልም ከ12 ኪሎ ኒውተን መብለጥ የለበትም፤ ይህ 1,200 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ነገር የሚያሳርፈውን ያህል ነው። ያንኑ 80 ኪሎ ይዞ ዝም ብሎ ሲንጠለጠል እስከ 10 በመቶ ድረስ ቢለጠጥ ተፈቅዶለታል። መለጠጡ ጉድለት መስሎ ይታያል፤ የሚያድነው ግን እርሱ ነው፤ ውድቀቱን በአንዴ ሳይሆን ቀስ እያለ ያቆመዋል።

በአያያዝ ደረጃ ካነጻጸርናቸው፣ 9 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነው ቀጭኑ ለጫንቃ ቀላል ነው፤ ውድቀት ሲመጣ ግን በእጅ ለመያዝ ያስቸግራል፤ ይሮጣል። ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነው ይከብዳል፤ እጅ ግን ያምነዋል። ለስላሳው ቋጠሮ ይወድዳል፤ አፈርም ይጠጣል፤ ቶሎ ይጎፍራል። ጠንከር ያለው ለመቋጠር ያስቸግራል፤ ዕድሜው ግን ይረዝማል። ምርጫ ቢሰጠኝ ወፍራሙንና ጠንከር ያለውን እወስዳለሁ፤ በተለይ ለጀማሪ እጅ። ብዙ የማይለጠጥ ተብሎ የሚሠራ ሌላ ዓይነትም አለ፤ ሳይላላ ተይዞ ወደ ጉድጓድ ለመውረድና ለመውጣት የሚሻለው ይህኛው ነው። የሰመራው ቆፋሪ የሚገባው እርሱ ነበር።

ድንጋዩም ከገመዱ ጋር የራሱ ጠብ አለው። እ.ኤ.አ. በ2007 ማይካ በርሃርት የተባለች አሜሪካዊት ገደል ወጪ ከባልደረቦቿ ጋር በትግራይ የአሸዋ ድንጋይ ላይ ወጥታ በማግሥቱ ዓመት መጽሐፍ አሳትማለች። የአሸዋ ድንጋይ ብናኙ በሽፋኑ በኩል ሰርጎ ገመዱን ከውስጥ ይሞርደዋል። የእኛው የአፋር ድንጋይ ደግሞ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ እነ ሃሩን ታዚየፍ ኤርታሌን ሊያጠኑ ከመጡ ወዲህ ብዙ የእሳተ ገሞራ ተመራማሪዎች ወደዚያ ተጉዘዋል። እዚያም ሆነ በእኛ ጎረቤት በዳማ አሊ፣ የረጋው ላቫ ጠርዙ እንደ ጠርሙስ ስባሪ ነው። የተወጠረ ገመድ በእንዲህ ያለ ጠርዝ ላይ ወዲያና ወዲህ ቢል ምንም መመዘኛ አያድነውም።

እጅ ጨርሶ የማያውቀው ነገር ደግሞ አለ። ናይለን የመኪና ባትሪ አሲድ፣ ተንኑም ቢሆን፣ ከነካው በዓይን የሚታይ ምልክት ሳይተው ሊዳከም ይችላል። ገመዱ እንደ ትናንቱ ለስላሳ ነው፤ ቀለሙም ያው ነው፤ ውስጡ ግን ሞቷል። በስንቱ አይሱዙ ጭነት ላይ ገመድና አሮጌ ባትሪ ጎን ለጎን ተኝተው አይተናል? የዘንባባው ገመድ የነገረንን ያህል ይህኛው አይነግረንም። ስለዚህ ለአዲሱ ገመድ እጅ ብቻ አይበቃውም፤ ታሪኩም አብሮት መኖር አለበት፤ መቼ ተገዛ፣ የት ተቀመጠ፣ ማን ወደቀበት።

«ገመድ ለመግዛት ገንዘብ ከየት ይምጣ?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ለነፍስ የተሠራ ገመድ ውድ ነው፤ ከውጭ ነው የሚመጣው። ነገር ግን ከምለው አብዛኛው ገንዘብ አይጠይቅም። ሰው የሚወርድበትን ገመድ ከሸክሙ ለዩት፤ ጫፉን ቀይ ጨርቅ ቋጥሩበትና ባልዲ አይነካው። ከፀሐይና ከባትሪ አርቃችሁ በጥላ ስቀሉት። ከሥራ በፊት ሜትር በሜትር በመዳፋችሁ አሳልፉት፤ የሳሳ፣ የላላ፣ ያበጠ ወይም የቀለጠ ቦታ ካለ እጅ ያገኘዋል። ከባድ ውድቀት የያዘውን ወይም ታሪኩ የማይታወቀውን ከነፍስ ሥራ አውጥታችሁ ለፍየል ስጡት። የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቶቻችንም ግንበኛውን ሲሚንቶ ማቡካት እንደሚያስተምሩት ሁሉ ገመድ መለየትን ቢያስተምሩት፣ አንድ ቀን የሚፈጅ ትምህርት ነው።

ከሁሉም በፊት ግን ስሙን እንመልስለት። ልጥን ከጠፍር፣ ጠፍርን ከመጫኛ የለየ ቋንቋ ሁሉን «ናይለን» ብሎ መጥራት አይገባውም። እኔ በበኩሌ «የነፍስ ገመድ» ብዬዋለሁ፤ የተሻለ ስም ያላችሁ አምጡ። ባለሱቁ ከሜትሩና ከውፍረቱ ቀጥሎ «ለሸክም ነው ወይስ ለነፍስ?» ብሎ መጠየቅ የለመደ ዕለት፣ በየጉድጓዱ አፍ የቆሙ ሚስቶችና እናቶች ጥቂት እፎይ ይላሉ።

ቸር እንሰንብት።